ፋብሪካው ለምን ወረደ፣ ነጋዴው ለምን ቀረ?

የቀረበው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «ደሴ ፒያሳ አካባቢ አባቴ ያስረከበኝ የጨርቃ ጨርቅና የልብስ ሱቅ አለኝ። ገበያው ከዓመት ዓመት እየቀዘቀዘ መጥቷል። አባቴ ‹የደሴ ሰው ጨዋታ ሲወድ ኮምቦልቻ ሠራች› ይላል። አጎቴ ‹ሁሉንም ያወረደው መንግሥት ነው› ባይ ነው። ደላላው ደግሞ ‹ነገሩ ሜዳው ነው፤ ጊዜው የኮምቦልቻ ነው› እያለ ሱቁን ለቅቄ እንድወርድ ይወተውተኛል። ደሴ የወደቀችበት እውነተኛው ምክንያት የትኛው ነው? ልውረድ ወይስ ልቆይ?»

ጠያቂዬ፣ ከመልሱ በፊት ከጥያቄዎ ውስጥ አንዲት ቃል ላንሳ። «የወደቀችበት» ብለዋል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና የቤት ቆጠራ በደሴ ከተማ አስተዳደር ሥር 151 ሺህ ገደማ፣ በኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደር ሥር ደግሞ 85 ሺህ ገደማ ሰው ተቆጥሯል። ቆጠራው ያረጀ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ከተሞች ሰፍተዋል። ሆኖም ፋብሪካ ሳያገኙ መቅረት አንድ ነገር ነው፣ መውደቅ ሌላ ነገር ነው። ፋብሪካ የሌላት ደሴ የወሎን ግማሽ ማስተማሯን፣ ማሳከሟንና ማልበሷን አላቆመችም። ይህን የምለው ከተማዬን ለማሞገስ አይደለም፤ ላልሆነ ነገር ምክንያት መፈለግ ስንጀምር የምናገኘው ምክንያት ሁሉ እውነት ስለሚመስለን ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ አባትዎ፣ አጎትዎና ደላላው የሚከራከሩ ይመስላቸዋል እንጂ ለአንድ ጥያቄ እየመለሱ አይደለም። «ለምን?» በምንልበት ጊዜ ሁሉ በልባችን «ከምን ይልቅ?» የሚል የተደበቀ ንጽጽር አለ። ደላላው የሚመልሰው «ፋብሪካው ከደሴ ይልቅ ለምን ኮምቦልቻ ተተከለ?» ለሚለው ነው። አጎትዎ የሚመልሱት «ፋብሪካውን ከነጋዴው ይልቅ ለምን መንግሥት ተከለው?» ለሚለው ነው። አባትዎ ደግሞ «የደሴ ነጋዴ ከፋብሪካ ይልቅ ለምን ሱቅ ላይ ቆየ?» ለሚለው ይመልሳሉ። ሦስቱም በየራሳቸው ጥያቄ ውስጥ ቢያንስ ከፊል እውነት ሊኖራቸው ይችላል። እርስዎ የጠየቁት የመጨረሻ ጥያቄ ግን ከሦስቱም የተለየ ነው፤ «የእኔ ደንበኛ ከትናንት ይልቅ ዛሬ ለምን አነሰ?» የሚል ነው። በቅደም ተከተል እንሂድባቸው። ዓመቶቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ደሴ ለምን እዚያ ላይ ተቀመጠች? ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ወሎ ውስጥ ደጋግመው ሰፍረዋል። በ1875 መባቻ ጅራታም ኮከብ ታይቶ ንጉሡ ደስ ብሏቸው ቦታውን ደሴ አሉት የሚለውን ትውፊት ያልሰማ የከተማው ልጅ የለም። ኮከቡ ግን ቢበዛ የስሙን ምክንያት ይነግረናል እንጂ የቦታውን አይነግረንም፤ በዚያ መስከረም ኮከቡ ለኮምቦልቻም ሰማይ ታይቶ ነበርና። የቦታውን ምክንያት የሚነግረን ከፍታው ነው። ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የተፈጥሮ ቋት ናት። ውሃ አላት፤ ለሠራዊቱ ከብትና ለበቅሎው ግጦሽ አላት፤ በምሥራቅና በደቡብ በኩል ደግሞ ወደ ቆላው የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ከላይ ሆና ትጠብቃለች። ከሁሉም በላይ ወባ አይደርስባትም ነበር። በአገራችን ወባ በአብዛኛው የሚጸናው ከ2,000 ሜትር በታች ነው፤ ኮምቦልቻ ያለችው 1,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ የቦርከና ወንዝ ከተራራው ወርዶ በሚተኛበት ሜዳ ነው። ደላላዎ ዛሬ የሚያሞግሱት ሜዳ በዚያ ዘመን የንዳድ ሜዳ ነበር። ሰው ወደ ቆላ ወርዶ ይነግድ ነበር፤ በቃሉ ያለው የአንቻሮ ገበያ ከደሴ በፊት የታወቀ ነው። ነግዶ ግን ለአዳር ወደ ላይ ይመለስ ነበር። ይህን ልማድ ልብ ይበሉት፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ራስ ሚካኤል፣ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል፣ ቀድሞ ተንታ የነበረውን መቀመጫቸውን ወደ ደሴ አዛውረው በ1906 ንግሣቸውም በዚያው ሆነ። የአይጠየፍ አዳራሽ የዚያ ዘመን ምስክር ነው። እንግዲህ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «ደሴን ያሳደጋት ቤተ መንግሥቱ ነው» ይላል። ይህን አባባል መፈተን ይቻላል። በጥቅምት 17 ቀን 1909 ንጉሡ ሰገሌ ላይ ድል ሆኑ፣ ተማረኩም። ደሴ የቤተ መንግሥት ልጅ ብቻ ብትሆን ኖሮ ከዚያ ቀን በኋላ መክሰም ነበረባት። ተንታን ይዩ። ወረኢሉን ይዩ፤ ዐፄ ምኒልክ የዐድዋን ክተት ሲያውጁ የሸዋ ሰው እንዲገናኛቸው የቀጠሩት ወረኢሉ ላይ ነበር፤ ዛሬ ግን ወረዳ ከተማ ናት። ደሴ ከጌታዋ ውድቀት በኋላ ለምን ቀረች? የወለዳትና ያቆያት አንድ ነገር ስላልሆነ ነው። ተማሪዎቼ ፈተና ላይ በብዛት የሚስቱት ይህን ነው፤ የአንድን ነገር አጀማመር ካወቁ አኗኗሩንም ያወቁ ይመስላቸዋል።

ደሴን ያቆያት በምዕራብ ያለው ደጋ ነው። ካርታ ይዘርጉና ከተማዋን መሐል አድርገው ይመልከቱ። በገራዶ በኩል የሚወርደው መንገድ እንደገና ወደ ጉጉፍቱ ብርድ ይወጣና ወደ ወረኢሉ፣ ወደ አቀስታና ወደ መካነ ሰላም ይከፋፈላል። በኩታበር በኩል የሚሄደው ደግሞ ተንታና ደላንታ ይደርሳል። ያ ሁሉ ሰፊ አገር በጉን፣ ምስሩን፣ ገብሱን፣ ቅቤውን የሚያወርድባት፣ ጨርቁንና መድኃኒቱን የሚያወጣባት፣ ክርክሩን የሚከራከርባትና ልጁን የሚያስተምርባት በር ደሴ ናት። ኮምቦልቻ ግን ፊቷ ወደ ሌላ ነው። ባቲን፣ ሚሌንና ባሕሩን ታያለች፤ በደቡብ በኩል ሐርቡንና ከሚሴን ታገናኛለች። በመካከላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ስለማይሞላ እንደ አንድ ከተማ ሁለት ሰፈር እንቆጥራቸዋለን፤ በንግድ ዓይን ግን ጀርባ ለጀርባ የተቀመጡ ናቸው። እኔ ብዙ ጊዜ ይህን ጉዳይ ሳስብ ከዚህ የተሻለ መግለጫ አላገኘሁም፤ ለእርስዎም ውሳኔ ዋናው ነጥብ ይኸው ነው።

ኮምቦልቻን ወደ ባሕሩ ያዞራት መኪና ነው። የበቅሎ ነጋዴ ደጋ ደጋውን ይመርጥ ነበር፤ ሣርና ጤና ያለው እዚያ ነውና። ከጣሊያን ወረራ በፊትም መኪና በመከራ ደሴ ይደርስ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም በኅዳር 1928 ደሴ የመጡት በመኪና ነው። ጣሊያን በሚያዝያ 7 ቀን 1928 ደሴ ከገባ በኋላ ግን የጦር ጭነት የሚችል ጎዳና ፈለገ። ጎዳናው በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ቁልቁል ወረደና የቆላውን ጠርዝ ይዞ በከሚሴ ኮምቦልቻ ደረሰ። ወረኢሉ በምዕራብ በኩል ጎን ለጎን ታለፈች። ኮምቦልቻ ላይ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ሐረጎን ወጥቶ በደሴ በኩል ወደ መቀሌና ወደ አስመራ፣ ሌላው በባቲ በኩል ወደ አሰብ። በተራራ መሐል ለጥ ያለ ሜዳ የተገኘው እዚያው ስለሆነ የአውሮፕላን ማረፊያውም ኮምቦልቻ ሆነ። እስከ ዛሬም ትኬት ሲቆርጡ የማረፊያው መለያ ፊደላት «ዲ.ኤስ.ኢ.» ናቸው፣ የደሴ ስም ማለት ነው፤ የሚያርፉት ግን ኮምቦልቻ ነው። ስሙ ላይ፣ ጎማው ታች።

በመሆኑም «ፋብሪካው ከደሴ ይልቅ ለምን ኮምቦልቻ ተተከለ?» ለሚለው ደላላው በአብዛኛው ልክ ናቸው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሰፊና ደልዳላ መሬት፣ ብዙ ውሃ፣ ተሳቢ መኪና ያለ ጭንቀት የሚዞርበት ግቢ ይፈልጋል። የአዋሽ ሸለቆ ጥጥ በባቲ በኩል የሚመጣውም፣ መለዋወጫው ከአሰብ የሚመጣውም ኮምቦልቻ ነው። ያን ሁሉ ጭነት ሐረጎን አስወጥቶ፣ መሬቷ በየክረምቱ በሚንሸራተተው በጦሳ ግርጌ ለመትከል የሚነሳ መሐንዲስ አይኖርም። እዚህ ላይ ስንፍናም ሴራም መጨመር አያስፈልግም።

ሆኖም ሜዳ ብቻውን ፋብሪካ አያበቅልም፤ ሜዳው ከፋብሪካው በፊትም ነበር። የአጎትዎ መልስ የሚገባው እዚህ ነው፣ የአባትዎም ወቀሳ የሚታረመው እዚህ ነው። ደርግ በ1968 ባወጣው የግል ንግድ አዋጅ መሠረት አንድ ግለሰብ በችርቻሮ ከ200 ሺህ፣ በጅምላ ከ300 ሺህ፣ በኢንዱስትሪ ደግሞ ከ500 ሺህ ብር የበለጠ ካፒታል እንዳይዝ ተወሰነበት፤ ፈቃዱም አንድ ብቻ እንዲሆን ታዘዘ። ይህ ገደብ የላላው በመጋቢት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ በታወጀ ጊዜ ነው። በመካከሉ 14 ዓመት አለ። የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ የተተከለው በዚያው ዘመን ነው፤ ሊተክለው የሚችለውም መንግሥት ብቻ ነበር። አዋጁ ሲወጣ 30 ዓመት የሞላው ብርቱ የደሴ ነጋዴ ገደቡ ሲነሳ 44 ዓመት ሆኖታል፤ ገንዘቡንም በትንሽ በትንሹ፣ ዓይን በማይገባ መንገድ፣ በሸቀጥና በወርቅ መያዝ ለምዷል። ልጆቹም ከእርሱ የተማሩት ይህንኑ ነው። ከውጭ ሲታይ ፈሪነት ወይም ጨዋታ ወዳድነት ይመስላል። አባትዎ በዚያ ዘመን ነጋዴ ከነበሩ የራሳቸውን ትውልድ ሲወቅሱ እጃቸው ታስሮ እንደነበር ረስተውት እንደሆነ በጨዋ ቋንቋ ቢያስታውሷቸው ደስ ይለኛል። ሰው በሕግ ተከልክሎ ያልሠራውን ነገር ከጊዜ በኋላ በራሱ ጠባይ ሲያመካኝ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ መከልከልን ከማስታወስ ጠባይን መውቀስ የሚቀል ይመስለኛል።

ሌላ አዋጅም አለ፤ ብዙ ሰው ከንግድ ጋር አያገናኘውም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 በመሐል ደሴ ያሉ የኪራይ ሱቆችንና ቤቶችን ከባለቤቶቻቸው ወስዶ በቀበሌና በመንግሥት እጅ አደረገ። ኪራዩ ለብዙ ዓመት ከገበያው ዋጋ እጅግ ያነሰ ሆኖ ቆየ። ርካሽ ኪራይ ያለው ነጋዴ ሱቁን አይለቅም፤ የራሱ ስላልሆነ ደግሞ አያድሰውም፣ ፎቅም አያወጣበትም። መሐል ከተማው ለምን እንደቀድሞው ቀረ ብለው የሚገረሙ እንግዶች አሉ። እኔ የማየው ከጠባይ ይልቅ የኪራይ ውሉን ነው።

«ሁሉም ነገር መንገዱ ነው» የሚል ሰውም ቢኖር እርሱንም እንፈትነው። የአዋሽ–ሚሌ መንገድ ሲከፈት ከአሰብ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ጭነት ኮምቦልቻን ሳይነካ ማለፍ ጀመረ። በግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ደግሞ አሰብ ራሱ ተዘጋ፤ ወጪና ገቢ ንግዱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። መንገድ ብቻ ምክንያት ቢሆን ኖሮ ኮምቦልቻ በዚህ ሁለት ጊዜ መሞት ነበረባት። አልሞተችም። አንዴ የተተከለ ማሽን፣ የሠለጠነ ሠራተኛ፣ የተዘረጋ መስመርና የተለመደ ጭነት ምክንያታቸው ካለፈ በኋላም ሌላ ምክንያት ይስባሉ፤ ደረቅ ወደቡ፣ በሐምሌ 2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ከአዋሽ ተነሥቶ ወደ ሐራ ገበያ የሚያልፈው የባቡር መስመር ሁሉ ያረፉት ቀድሞ በተደላደለው ላይ ነው። ደሴም ከንጉሥ ሚካኤል በኋላ የኖረችው በዚሁ ሕግ ነው። በዚህ ረገድ ሁለቱ እኅትማማች ናቸው።

የፋብሪካ ከተማ ዕድል ከሩቅ ቦታ በሚወጣ ውሳኔ የሚገለበጥ መሆኑንም አይርሱ። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ዕድል፣ በተለምዶ አጎዋ ከምንለው፣ ስትሰረዝ ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፉ ሼዶች ሁሉ ተጎድተዋል፤ ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ጦርነቱ ሁለቱንም ከተሞች ደርሶ ፋብሪካውም ሱቁም ተዘርፎ ነበር። ይህን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ አልገባበትም።

አሁን ወደ እርስዎ ሱቅ ልምጣ። በቅድሚያ የራሴን ስሕተት ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት አንድ ማለዳ ደብተር ይዤ ደሴ የሚኒባስ መነሻው ላይ ቆምሁና ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ሰው ቆጠርሁ። ጉሙ ገና አልተገፈፈም፤ ረዳቶቹ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው!» እያሉ ሲጠሩ፣ ሰው ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ይሳፈር ነበር። ቁጥሩ አስደነገጠኝ፤ «ከተማው እየፈለሰ ነው» ብዬ ጻፍሁ። አንድ ባልደረባዬ «ማታስ ቆጠርህ?» ሲለኝ ዝም አልሁ። በማግስቱ ማታ ኮምቦልቻ ላይ ቆሜ አየሁ፤ ያው ሰው፣ ያው ጃኬት፣ አሁን በክንዱ ላይ ተጣጥፎ፣ ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ በሚወጣው መኪና ሲመለስ። ሰው ኮምቦልቻ ይሠራል፣ ደሴ ያድራል። አያቱም ቆላ ነግዶ ደጋ ያድር ነበር። የአያቱ ምክንያት ንዳድ ነበር፤ የልጅ ልጁ ምክንያት የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ የእናቱ ቤት፣ የለመደው መስጊድና ቤተ ክርስቲያን፣ የዕቁቡ ቀን ነው። ምክንያቱ ተለውጦ አድራጎቱ መቅረቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ለዚህ ጥያቄ ዝግጅት በእርስዎ ዓይነት ንግድ ላይ ያለ አንድ የማውቀው ሰው የዱቤ ደብተሩን አሳይቶኝ ነበር። ስም የለም ማለት ይቻላል፤ «የጉጉፍቱው መምህር»፣ «የእነ ሐዋ እናት»፣ «ምስር የሚያመጣው የደላንታ ሰው»፣ «ዕዳውን በጥምቀት»፣ «ለአረፋ ይከፍላል» የሚል ነው። ያን ደብተር ለሌላ ሰው ቢሸጡት ዋጋ የለውም፤ በእርሱ እጅ ግን ከሸቀጡ የበለጠ ካፒታል ነው። ማን በየትኛው በዓል እንደሚገዛ፣ ማን ከመኸር በኋላ እንደሚከፍል የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው። ከዚህ ሱቅ መነሣት ማለት ያን ደብተር ማቃጠል ነው። ነጋዴው «ለምዶብኝ ነው የቀረሁት» ብሎ ይነግረኛል፤ ደብተሩ ግን የሚነግረኝ በደንብ የተሰላ ሒሳብ ነው። ሰው የመረጠበትን ምክንያት ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ከመረጠበት ምክንያት ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፤ ልማድ የሚለው ስም ብዙ ስሌት ይደብቃል።

ሸቀጡም አብሮ አይወርድም። የእርስዎ መደርደሪያ ለደጋ ሰው የተደረደረ ይመስለኛል፤ ካፖርት፣ ወፍራም ሹራብ፣ የብርድ ልብስ፣ ጋቢ። ወደ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ሲወርዱ ብርዱም ይቀንሳል፤ የባቲና የከሚሴ ደንበኛ የሚጠይቀው ሽርጥ፣ ስስ ነጠላና ቀላል ሸሚዝ ነው። ይህን በደንብ የሚያውቁት ኮምቦልቻ ያሉት ነጋዴዎች ቀድመውዎት ተቀምጠዋል፤ እነርሱም የየራሳቸው ደብተር አላቸው።

ታዲያ ገበያው ለምን ቀዘቀዘ? እዚህ ላይ ከወሎ ታሪክ አንድ መራራ ነገር ላስታውስ፤ ስለ ገበያ የማውቀው ትልቁ ትምህርት እርሱ ነውና። በ1965ቱ ረሃብ ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ሰው እንደሚጠብቀው አልናረም፤ ከተለመደው እምብዛም ሳይርቅ ቆየ። እንዲያውም በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚጫን እህል ነበር። አንድ ሰው ዋጋውን ብቻ አይቶ «እህል አለ፣ ችግር የለም» ሊል ይችል ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የተራበው ሰው ገበያ የሚገባበት ነገር አጥቶ ነበር። የአፋሩ ከብት በድርቁ አልቋል፤ ግጦሹም በአዋሽ ዳር በተስፋፋው የጥጥ እርሻ ጠቧል፤ የተረፈው ከብት ደግሞ በእህል ሲመነዘር ዋጋው ወድቋል። የወሎ ጭሰኛም አዝመራው ሲከዳው የሚሸጠው አልነበረውም። ገንዘብ የሌለው ሰው ዋጋ አያንርም። ዝም ያለ ገበያ የጠገበ ገበያ አልነበረም።

የእርስዎን ሱቅ ዝምታም በዚህ ዓይን ይመልከቱት። ዝምታው ስለ ከተማው የሚነግርዎት ነገር የለም፤ የሚነግርዎት ከደንበኛዎ አንዱ ወገን አንድ ነገር እንዳጣ ብቻ ነው። የደላንታው ገበሬ በጉንና ምስሩን ሸጦ የሚገዛው ልብስ ካነሰ፣ ምናልባት ማዳበሪያና ዘይት ቀድመውበት ይሆናል፤ ያ ከሆነ ኮምቦልቻ ቢወርዱም ገበሬው አይከተልዎትም። ወይም ደግሞ ገንዘቡ አለ፤ ነገር ግን መንገዱ እየተሻሻለ ስለመጣ ልብሱን አቀስታ ወይም ኩታበር ላይ ከተከፈተ ሱቅ እየገዛ ይሆናል። ያ ከሆነ ተፎካካሪዎ ያለው ከታች ሳይሆን ከላይ፣ በምዕራብ ነው፤ የሚሻልዎትም ለእነዚያ ሱቆች በጅምላ ማቅረብ ነው። ሦስተኛው ዕድል የከተማው ደመወዝተኛ ነው፤ የኑሮ ውድነቱ ደመወዙን ሲበላበት በመጀመሪያ የሚያዘገየው ልብስ ነው፤ ወይም ወደ ሳልባጅ ይዞራል። ለዚህ ደንበኛ ደግሞ ኮምቦልቻም ያው ነው፤ የፋብሪካ ሠራተኛ ደመወዝ ከደሴ መምህር ደመወዝ የሚበልጥ አይምሰልዎት።

በእኔ ግምት ሁለተኛው ዕድል የጎላ ነው። መንገድ ሲሻሻል በር ለነበረች ከተማ ሁልጊዜ ደስታ ብቻ አያመጣም፤ በሩ ጋ መቆም የማያስፈልገው ሰው ይበዛል። ግን ይህ ግምት ነው፤ የእርስዎ ደብተር ከእኔ ግምት ይበልጣል። እስከሚቀጥለው ወር ድረስ ለእያንዳንዱ ገዥ ሁለት ነገር ብቻ ይመዝግቡ፤ ከየት እንደመጣ፣ ምን ፈልጎ እንዳጣ። ከየትኛው ወገን እንደቀነሰ ለማየት አባትዎ በሱቁ ላይ የነበሩበትን ዘመን ደንበኛ እንዲያስታውሱልዎት ይጠይቋቸው፤ «የቆላ ሰው ይበዛ ነበር ወይስ የደጋ?» ብለው ይጀምሩ። የቆላው ድሮም ጥቂት ከነበረ መውረድዎ አዲስ ንግድ መጀመር ማለት ነው፤ አዲስ ንግድ መጀመር አይከለከልም፣ ነገር ግን የደሴውን ሱቅ ለቅቀው ሳይሆን በወንድም ወይም በሸሪክ፣ በትንሽ ሸቀጥ፣ በስስ ልብስ ይሁን።

ደላላው ስለ ሱቁ ሲመጡ ደግሞ ተረካቢው ማን እንደሆነና ምን ሊሸጥበት እንዳሰበ ይጠይቋቸው። ልብስ ነጋዴ ከሆነ፣ እርስዎ ትተውት ሊሄዱ ስላሰቡት ቦታ እርሱ የሚያውቀው ነገር አለና ከመፈረምዎ በፊት አንድ ቀን ወስደው ያስቡበት።